ወደ ግራ ትስባለች

ኅዳር 13 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ የሚካኤል ማግስት

አምላክ ያስጀምረን። የምናገረው እኔ ወዳጆ ነኝ፤ የምትጽፈው የልጄ የይታየው ሚስት ጽናት ናት፣ ሞላሌ አስተማሪ ናት። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ አላፍርበትም። በቅሎ ሊገዙ ሲሉ እኔን ሲያስጠሩ የኖሩት ፊደል የቆጠሩት ናቸው። ከሞላሌ እስከ ቀየት ወዳጆ ጥርሷን ሳያይ የተገዛች በቅሎ ካለች፣ ባለቤቷ ወይ ደፋር ነው ወይ እብድ።

ይህን ደብተር ያስጀመርኩት በምክንያት ነው። ሰው መጥቶ ያማክርሃል፤ ነገሩ ሲበላሽ ደግሞ "ወዳጆ እንዲህ ብሎኝ ነው" ብሎ ያላልከውን በአፍህ ያኖራል። ስለዚህ የምለው ነገር በዕለቱ ይጻፍ አልኩ። ለጽናትም ነገርኳት፦ ያልኩትን ጻፊ፣ አታሳምሪው።

ነገሩ የይታየው ነው። ጅዳ ዘበኛ ሆኖ ከርሞ መጣ። ክረምቱን ደብረ ብርሃን ተቀምጦ መንጃ ፈቃድ አወጣ። አሁን የቤት መኪና ልግዛና በጥር በኪራይ ሙሽራ ልጫንበት ይላል። እዚህ አገር ሙሽራ የሚጫነው በእኔ በቅሎ ነበር። አሁን የገበሬውም ልጅ ያለ መኪና አላገባም ብሏል። እሺ፣ ግልቢያው ተለወጠ፤ ዓይን ግን አልተለወጠም። እኔ ሳላያት እንዳይገዛ ቃል አስገብቼዋለሁ።

ባለቤቴ ጥሩሸዋ ይህን ስትሰማ፣ "መኪና ጥርስ የላት፤ አንቱ ምኗን ሊያዩ ነው?" አለችኝ።

ኅዳር 18

ሻጩ ቴዎፍሎስ የሚባል የደብረ ብርሃን ሰው ነው። በስልክ ሲያወሩ ሰማሁ። መኪናዋ ለእሽቅድምድም የተሠራች ናት ይላል፤ እንደ ጥይት ትሄዳለች ይላል።

ለእሽቅድምድም የሮጠ ፈረስ ለሌላ ሥራ አይሆንም፤ ጉልበቱን ቀድሞ በልቶታል። ይህን ብነግረው ይታየው ሳቀ። "አባዬ፣ እሷ እኮ ብረት ናት" አለ። ብረት አያረጅም ያለው ማን ነው?

ኅዳር 22፣ የጽዮን ማግስት

ዛሬ መሐል ሜዳ ሄድን፤ ቴዎፍሎስ ይዟት መጣ። ደክሞኛል፣ ግን ሳይረሳኝ ይጻፍ።

ቀይ ናት። ዝቅ ያለች፣ ሆዷ መሬት ሊልስ ትንሽ የቀረው። እግረ አጭር በቅሎ ገደል ላይ አትንገዳገድም አልኩ በልቤ። ቴዎፍሎስ ሽቶ ሽቶ የሚል፣ አንደበቱ ቅቤ የሆነ ሰው ነው። ከመኪናው ወርዶ እስከ ጉልበቴ ጎንበስ አለና፣ ስምዎን ደብረ ብርሃን ሆኜ ሰምቻለሁ፣ እርስዎ ያዩትን ማን ይመልሳል አለኝ። ውሸት አይደለም። ደብረ ብርሃን ያውቁኛል።

ዞርኳት። አፍንጫዋን በመዳፌ ነካሁ፤ ትኩስ ናት፣ ከሩቅ መጥታለችና። ትንፋሿን አዳመጥኩ፤ ሳል የለባትም፣ አይቆራረጥባትም። ከዚያ በጣቴ አንጓ ገላዋን እያንኳኳሁ ዞርኩ። ቀኝ ጎኗ እንደ ቃጭል ይጮኻል። ግራ ጎኗ፣ ከፊተኛው እግሯ በላይ፣ ድፍን ነው፤ የተለሰነ ግድግዳ እንደ መምታት። እዚህ ላይ ሥጋ አላት አልኩ። ቀለሟም እዚያው ቦታ ላይ ከቀረው ገላዋ ይልቅ ያብረቀርቃል። ጀርባዋ ተልጦ የዳነ በቅሎ በቁስሉ ላይ የሚበቅለው ጠጉር ይለያል፤ እኔ ያንን ከማዶ አየዋለሁ። ይህንንም አየሁት። አየሁት ብለሽ ጻፊ። ግን የዳነ ቁስል ቁስል አይባልም።

ይታየውና ቴዎፍሎስ ወረቀቱን ሊያዩ ሻይ ቤት ገቡ። ፈንታ የሚባል መካኒክ የጋራዡ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ከሥሯ ሲያያት ቆየ። ወጥቶ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወደ ሻይ ቤቱ በር ተመለከተና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"አባባ፣ ይህች ተመትታለች" አለኝ።

"ያልተመታ አጋሰስ ታውቃለህ?" አልኩት።

ቀጥሎ፣ "ወደ ግራ ትስባለች። ለይታየው ይንገሩት" አለ።

ይህን ስሰማ ልቤ ረካ። ጥንድ በሬ ሲጠመድ የቀኝ በሬ አለ፣ የግራ በሬ አለ። የግራውን በቀኝ ብትጠምደው ይገፋል፣ ይተኛል፤ በግራ ስትጠምደው ግን ይስባል። ገበሬ በሬውን የሚያመሰግንበት ቃል ይህ ነው፦ ይስባል። ስለዚህ ለፈንታ "የግራ በሬ ናታ!" አልኩትና ትከሻውን መታ መታ አደረግኩት። እሱም "እንግዲህ እርስዎ ካወቁ" ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ይታየው መጥቶ ፈንታ ምን አለ ሲለኝ ጥሩ ትስባለች አለ አልኩት።

እዚህ ላይ ጽናት ብዕሯን አቆመች። ያለው ጥሩ ትስባለች ነው ወይስ ወደ ግራ ትስባለች ነው ብላ ጠየቀችኝ። ያው ነው አልኳት።

ከመግዛታችን በፊት ቴዎፍሎስን አስቁሜ የአገሩን ሕግ ነገርኩት። የተደበቀ ነውር ከተገኘ፣ ባወቅንበት ቀን ጀምበር ሳትጠልቅ ላንተ እንመልሳታለን። አውቀን ደጃችን ካሳደርናት ግን ከነነውሯ የእኛ ናት። በበቅሎ ንግድ አባቶቻችን የኖሩበት ነው፤ በዚህ ሕግ ስንት ሰው አስታርቄአለሁ። ቴዎፍሎስ ፈገግ ብሎ እሺ አለና እጄን መታ። ከዚያ ይሁን አልኩ። ዋጋውን አልናገርም፤ የሰው ዓይን አለ።

ኅዳር 29

መኪናዋ ከገለባው ክምር ጎን ቆማለች። መንደሩ ሁሉ መጥቶ አይቷታል። ጎረቤቴ ወልደ አማኑኤል ዞሮ ዞሮ "ወዳጆ፣ አሁንስ በቅሎህ ዓይን አወጣች" አለኝ። ሳቅን።

ይታየው ያጥባታል፣ ይጠርጋታል። ለሚስቱ እንዲህ ሲሆን አላየሁም። ይህንንም ጻፊው፤ ያልኩት ነው።

ታኅሣሥ 5

ይታየው ክንዴን አመመኝ አለ። ከመሐል ሜዳ ደርሶ በመጣ ቁጥር ትከሻውን ይዞ ነው የሚገባው። እናቱ በቅቤ አሸችው። መሪዋ ከባድ ነው ይላል።

አዲስ በቅሎ ልጓም ትወጥራለች፤ ክንድ ታደክማለች። ሲለማመዱ ይተዋል አልኩት።

ታኅሣሥ 12

ከቅዳሴ ስንወጣ ከኋላዬ ሁለት ሰዎች ሲያወሩ ሰማሁ። እኔ እንዳለሁ አላዩም። አንደኛው "የወዳጆን ልጅ መኪና ከኋላዋ ሆነህ አይተሃታል? እንደ ውሻ ነው የምትሄደው፤ ፊቷ ወዲያ፣ ቂጧ ወዲህ" አለ። ሌላው ሳቀ።

ቅናት ነው። ዞሬም አላየኋቸው።

ውሻ ሲሮጥ ሰያፍ እንደሚሄድ አውቃለሁ። በቅሎ ግን እንደዚያ ከሄደች ወይ ወገቧ ተሰብሮ ያውቃል ወይ ዳሌዋ። ይህ ስለ በቅሎ ነው የምናገረው።

ታኅሣሥ 19፣ ገብርኤል

ዛሬ ማንም ሳያየኝ ጎንበስ ብዬ ጎማዎቿን ዳሰስኩ። የቀኙ ጥርሱ አለ። የግራው የፊተኛ በውስጥ በኩል ልሙጥ ነው፣ እንደ መዳፌ። አንካሳ ሰው ጫማው በአንድ ወገን ነው የሚያልቅበት።

ይህን አትጻፊ ብያት ነበር። "ያልኩትን ጻፊ ያሉኝ እርስዎ ነዎት፣ አባባ" አለችኝ። ይጻፍ እንግዲያው።

ታኅሣሥ 27፣ ሌሊት

ይታየው አልገባም። ለጌና ገበያ ሰዎች ጭኖ መሐል ሜዳ ሄዶ ነበር። ጥሩሸዋ ተኝታለች። እኔና ጽናት ነን የተቀመጥነው፤ እንቅልፍ እንቢ ቢለን ደብተሩን አምጪው አልኳት። ውጪው ጭጋግ ነው። ጭጋግ ከቆላው ሲወጣ ድምፅ ይበላል፤ መኪና እንኳ ደጃፍ ካልደረሰ አይሰማም።

ትናንት ማታ ባልና ሚስቱ በመደቡ ላይ ሲነጋገሩ የሰማሁትን እናገራለሁ፤ ትከፋ እንደሆነ ትከፋ። ጽናት "ወደ ግራ ትስባለች ማለት ምን ማለት ነው?" ስትለው ሰማሁ። "መንገዱ ነው" አላት፤ "የኛ መንገድ ጋደል ያለ ነው። ደግሞ አባዬ አይቶ ይሁን ያላትን እኔ ምን አውቄ?" አላት። እሷም ፈንታን ጠይቀው አለችው። አባዬን ላሳፍር ነው ወይ ብሎ ፊቱን አዞረ።

ደግ ልጅ ነው። የአባቱን ቃል አይጥልም።

ጽናት አሁን ቀና ብላ፣ ታዲያ እርስዎ ለምን ፈንታን አይጠይቁትም አለችኝ። እኔ? እኔ ወዳጆ ገበያ መሐል ቆሜ የቃል ትርጉም ልጠይቅ? ያን ልጅ ዘይት ከተቀባ ሱሪው ጋር ጉድጓድ ውስጥ ቁልቁል እያየሁ "ትስባለች ማለት ምን ማለት ነው" ልበለው? ሰባ ዓመት የከብት ጎን የዳሰሰ እጅ ነው ይህ። አልሄድም። ያየሁትን አይቻለሁ።

ግን ያ ድፍን ቦታ ጆሮዬ ላይ አለ። ጣቴን እዚህ መደቡ ላይ ሳንኳኳ፣ ያው ድምፅ ነው።

መጣ። መብራቷ በግድግዳው ላይ አለፈ። ጽናት ሄደች

ጥር 12፣ ቃና ዘገሊላ

ወልደ አማኑኤል ልጁን ቤተልን ጥር ሃያ አራት ይድራል። ሙሽራው የቀየት ልጅ ነው። መኪናዋን ለሠርጉ ጠየቀ። ታቦት አግብተን ስንመለስ በሰው ሁሉ ፊት፣ "እኔ ስለ መኪና አላውቅም፤ ወዳጆ ያያት ናት ብዬ ልጄን እጭንባታለሁ" አለ።

ሰው ሁሉ ወደኔ ዞረ። አዎ ብዬ አንገቴን ነቀነቅኩ።

ቤት ስገባ ጥሩሸዋ፣ "ምነው ፊትዎ ጠቆረ?" አለችኝ። ፀሐዩ ነው አልኳት። ፀሐይ አልነበረም።

ጥር 20

ይታየው መኪናዋን ሰም ቀባት። ክንዱን አሁንም ያሻል። መሐል ሜዳ ሂድና ለፈንታ አሳያት ልለው አፌን ከፍቼ፣ በጎቹን አስገባ አልኩት።

ጥር 24፣ ጠዋት

በጥድፊያ ነው። ጭጋጉ ከጎህ ጀምሮ አልተነሳም። ይታየው ሙሽራውን ሊያመጣ ወደ ቀየት ሄደ። መኪናዋ ላይ አበባና ሪባን አስረውባታል። እንደ በቅሎ ወለባ። ጽናት ልብሷን ልትለብስ ነው፤ በቃ ትላለች።

ጥር 24፣ ማታ

ተመልሰናል። ሁሉንም በቅደም ተከተል ጻፊ።

ሙሽራው በደህና ደረሰ። ዳሱ ውስጥ በልተን እየጠጣን ሳለ ከሙሽራው ወገን አንድ ሰው አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። ፈንታ ነው፤ ለካ የሙሽራው ያጎት ልጅ ነው። ጉልበቴን ስሞ፣ እንደ ዋዛ፣

"አባባ፣ የግራውን አሠራችሁት?" አለኝ።

"የምኑን?"

"ያኔ የነገርኩዎትን ነዋ። ወደ ግራ ትስባለች አላልኩዎትም? መሪዋን ለቀቅ ሲያደርጉት በራሷ ጊዜ ወደ ግራ ትሄዳለች። ተገልብጣ ነው፤ አጥንቷ ተጣሟል። ያንን ጎን በማጣበቂያ ሞልተው ነው ቀለም የቀቡት።"

ጠላው በእጄ ነበር። አላፈሰስኩትም። ቀስ ብዬ አስቀመጥኩት።

ሙሽሮቹ ሊወጡ ዘፈኑ ደምቆ ነበር። ይታየው በሯን ከፍቶ፣ ነጭ ለብሶ ቆሟል። ሄጄ ከበሩ ፊት ቆምኩ፤ ዘፈኑ እስኪቆም ጠበቅሁ። ከዚያ፣ "ይህችን ያየኋት እኔ ነኝ። ተሳስቻለሁ። ነውረኛ ናት፤ ሙሽራ አትጫንባትም" አልኩ።

ከዳር አንድ ሰው "በቅሎዋ ከፋች!" አለ፣ ሳቁ። ይሳቁ። ቤተልንና ሙሽራውን ሚዜዎቹ በመጡበት ሚኒባስ አሳፈርናቸው። ወልደ አማኑኤል ፊቱን አላሳየኝም። ይታየው የመኪናዋን በር እንደያዘ ቀረ። ያን ፊቱን አልናገረውም።

ሰዉ ሲበተን ጠራሁት። ጀምበር ሳትጠልቅ ለቴዎፍሎስ መልሳት አልኩት። ጭጋጉን አሳየኝ። "አባዬ፣ ነገ በጠዋት ልውሰዳት። እጄንም አሞኛል" አለ። አውቀን ካሳደርናት የእኛ ናት፤ እጅ የተመታበት ቃል ነው፤ እሱ ሳይሆን እኛ እናፈርሰዋለን ወይ አልኩት። ፈንታ ጣልቃ ገባ፤ መኪና እኮ ናት፣ ብታድር ምን አለበት፣ ደግሞ በዚህ ጭጋግ አትነዳም አለ። ዛሬ አንድ ጊዜ በሰው ፊት ተሳስቻለሁ ብያለሁ፤ ሁለተኛ ቃሌን አላጥፍም አልኩት። እሱም እኔ እዚህ ነገር ውስጥ የለሁበትም ብሎ ሚኒባሱን ተከተለ።

ጽናት የይታየውን ኮት ይዛ ነበር። አልጮኸችም። ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቀቀና፣ "አባዬ ካለ ይሁን" ብሎ ሄደ። ሪባኑን እንኳ አልፈታም።

ደብረ ብርሃን የሚኬደው በጣርማ በር ነው፤ ከሞላሌ ወደዚያ ሲኬድ ገደሉ በስተግራ ነው። ይህን ስናገር ጽናት አየችኝ። ሁሉም ሰው የሚያውቀው ነው፤ ጻፊው።

ዛሬ ያደረግሁት ልክ ነው። የሰው ልጅ አትርፌአለሁ። ቃሌን አክብሬአለሁ። ይታየው ሲደርስ እደውላለሁ ብሏል። ስልኩ አይነሳም፤ እዚያ ኔትወርክ የለም ይላሉ። ጽናት ስልኳን ደረቷ ላይ አድርጋ በግራ እጇ እንደያዘች ነው የምትጽፈው።

እንግዲህ ይበቃል። አንድ ሰው ነቅቶ ይጠብቅ። እኔ እጠብቃለሁ።

የካቲት 1

ይህን የሚጽፈው የደብራችን መርጌታ መርስዔ ኃዘን ነው። ጽናት አትጽፍም። ወደ አባቷ ቤት ወስደዋታል።

ሰልስቱ ወጣ። ጣርማ በር ሳይደርስ ነው ያገኙት፣ በስተግራ። እረኞች ቀይ ነገር አየን ብለው ተናገሩ። ሪባኑ ቁጥቋጦ ላይ ቀርቶ ነበር ይላሉ።

ጥሩሸዋ ከኔ ጋር አትነጋገርም። ውሃ ታቀብለኛለች፤ ዓይኗን ግን አትሰጠኝም።

ቴዎፍሎስ ለልቅሶ መጣ። አለቀሰ፤ የምሩን ነው። ብቻችንን ስንሆን ስለዚያ ሕግ ጠየቅሁት፣ ጀምበር ሳትጠልቅ ስለተባባልነው። ትክ ብሎ አየኝ። "የምን ጀምበር?" አለ። ነገርኩት። እጁን አፉ ላይ አደረገና፣ "አባቴ፣ እኔ እኮ ሽማግሌ ለማስደሰት ነው እሺ ያልኩት። በማግስቱ ቢሆን ምን ነበረበት? ወር ቆይቶስ ቢሆን?" አለኝ።

መርጌታ፣ ይህንንም ጻፍ። ይህች ሕግ ያሰረችው አንድ ሰው ብቻ ነበር።

መጋቢት 5

ጽናት ከአርባው በኋላ ዕቃዋን ልትወስድ መጣች። ጥቁር ለብሳለች፤ ከስታለች። ሁሉን ሸክፋ ደጅ ላይ ቆመች፣ ልትሰናበተኝ። ከመሄድሽ በፊት አንድ ጊዜ ጻፊልኝ አልኳት። እንቢ ትለኛለች ብዬ ነበር። ደብተሩን ከመስኮቱ አውርዳ ተቀመጠች።

አንድ ነገር ሳይጻፍ እንዳይቀር አልኳት። ፈንታ ሳንገዛት በፊት ነግሮኝ ነበር በዪ። ወደ ግራ ትስባለች ብሎኝ ነበር፣ ተመትታለች ብሎኝ ነበር፣ ለይታየው ንገር ብሎኝ ነበር፣ እኔም አልነገርኩትም በዪ። ሰው ወዳጆ አላለም፣ አልሰማም እንዳይል።

"ተጽፏል፣ አባባ" አለችኝ።

ወደ ኋላ ገልጣ አነበበችልኝ። ያልተመታ አጋሰስ ታውቃለህ ያልኩት አለ። የግራ በሬ ናታ ያልኩት አለ። ልቤ ረካ ያልኩት ሳይቀር አለ። ሁሉም በራሴ አፍ ነው።

አላሳመረችውም።